ብርዱን የቀደመ ሰላምታ

በቅሎዋ ቁልቁለቱን ስትይዝ ሽቦ ጠባቂው ኮርቻው ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ በአንድ እጁ ልጓሙን፣ በሌላው ከትከሻው የሚንሸራተተውን የሽቦ ጥቅል ጨብጦ ነበር። ከኋላው ነፋስ ይመጣል። ነፋስ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረውም፤ በተራራው በር ላይ ነፋስ ጠፍቶ አያውቅም። ይኼኛው ግን እንደ ውሃ ነበር የሚፈሰው፤ ከባድ ነው፣ ዝቅ ብሎ መሬት መሬቱን እየዳሰሰ ይወርዳል። መጀመሪያ የበቅሎዋን ሰኮና ያዘ፤ ቀጥሎ የእሱን ቁርጭምጭሚት፤ ከዚያ ጉልበቱን። ራሱ ላይ ፀሐይ አለች። ሰማዩ እንደታጠበ ብርጭቆ ጠርቷል። ሰው በመስኮት ብቻ ቢያየው «ምን ያለ መልካም ቀን ነው» ብሎ መጋረጃውን ይዘጋ ነበር።

«ሂጂ እንጂ እመቤት!» አላት በቅሎዋን። «ዛሬ ካኮረፍሽ አማቴ ባሕር ላይ መቅረታቸው ነው። እሳቸው ከቀሩ ደግሞ እኔን ማን ይሰድበኛል?»

በቅሎዋ ጆሮዋን አጠፈች እንጂ አልፈጠነችም። በደረት ኪሱ ውስጥ ሃምሳ አለቃው በእጁ የጻፈው ቁራጭ ወረቀት አለ። «ብርድ መጥቷል። ጀልባ መልሱ።» ሌላ ምንም የለበትም።

ያን ጊዜ የቴሌግራፍ ሽቦ ባገሩ ገና አዲስ ነበር። ሕፃናት ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው የመንግሥትን ሹክሹክታ ለመስማት ይሞክሩ ነበር። መስመሩ ከላይ፣ ዛፍ ከማይበቅልበት ሰፊ ሜዳ ተነሥቶ፣ ሰዎች «አንገት» በሚሉት ጠባብ የተራራ በር አልፎ፣ ታች ወደቡ ድረስ ይወርዳል። ጣቢያው ሦስት ነው። መልእክት መቺዎቹ በስማቸው አይጠራሩም፤ የላይኛዋ፣ የመካከሉ፣ የታችኛው ነው የሚባባሉት። የመካከሉ ሃምሳ አለቃው ነው። ከጦር ሠራዊት የወጣ ቢሆንም የካፖርቱን የነሐስ ቁልፎች በየማለዳው ከመወልወል አልወጣም። የላይኛዋን ደግሞ ማንም አይቷት አያውቅም። ሽማግሌ ትሁን ወጣት፣ ቀጭን ትሁን ወፍራም፣ የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው አመታቷ ብቻ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ያለበት የሚመስል።

የላይኛዋ አንድ አመል ነበራት። ማለዳ መስመሩ ሲከፈት ዝም ብላ «መስመር ደህና» አትልም። «እንዴት አደራችሁ?» ብላ ትመታና ከቤቷ አንድ ነገር ታክላለች። አንድ ቀን ድመቷ መውለዷን፣ አንድ ቀን ጣሪያዋ ማፍሰሱን፣ አንድ ቀን ቀለሟ ብልቃጡ ውስጥ በረዶ ሆኖ መድረቁን። የታችኛው፣ ያ ሆዳም ሳቂታ፣ ከወደቡ ሆኖ ይመልስላታል። ሽቦ ጠባቂው መልእክት መምታት አልተማረም፤ ሰላምታውን ግን ከመስማት ብዛት ጣቱ ለምዶት ነበር። ወደ ቤቱ ወደ ወደቡ በወረደ ቁጥር፣ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሳይታወቀው ጠረጴዛውን ይመታል፤ ረዘም፣ አጠር አጠር፣ ረዘም።

«አንተ ሽቦ!» ይላሉ አማቱ፣ የጀልባዎቹ አለቃ። «ልጄን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ። ጠረጴዛዬን ግን ተውልኝ።»

ሃምሳ አለቃውም ቢሆን ይህን ሰላምታ አይወድም። ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ቁልፎቹን ወልውሎ ሲያበቃ፣ ወደ ላይ እንዲህ ሲል መታ፦ «የመንግሥት ሽቦ የጎረቤት አጥር አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ሰላምታ ተከልክሏል።»

የላይኛዋ አልተከራከረችም። ከዚያን ቀን ወዲህ «መስመር ደህና» ብቻ ሆነ። ሽቦ ጠባቂው አንድ ነገር የጎደለው እየመሰለው ማለዳ ማለዳ ግድግዳ ያይ ነበር።

ዛሬ ማለዳ ግን መምቻው ሲንቀሳቀስ አላቆም አለ። ሃምሳ አለቃው ብዕሩን አነሣ፣ ጻፈ፣ ከዚያ መጻፉን ትቶ ዝም ብሎ አዳመጠ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ምን አለች ጌታዬ?» አለ ሽቦ ጠባቂው ምድጃው አጠገብ እንደቆመ።

ሃምሳ አለቃው እንደ ትእዛዝ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረና ድምፁ ወረደበት። «ትእዛዝ ስለጣስኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትላለች። ቀለሜ ትናንት ማለዳ ደረቀ። ማታ የውሃ ጋኔ ተሰነጠቀ። እንዲህ ያለ ብርድ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ነፋሱም ወደናንተ ነው። ሰላምታ ስለተከለከለ ትናንት አልነገርኳችሁም። እንዴት አደራችሁ?»

ሁለቱም መስኮቱን አዩ። የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ውርጭ እንደ ላባ ተዘርግቶ ነበር።

ብርዱ እንዴት እንደሚጓዝ በዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ያስተማረቻቸው እሷው ናት። የላይኛዋ ቀለም በደረቀ ማግስት የአንገት መስኮት ይነጣል፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደብ ላይ ሰው ካፖርቱን ይፈልጋል። ከባዱ አየር ሜዳው ላይ ተከማችቶ፣ ከተራራው ጀርባ እንደ ሕዝብ ተጨናንቆ ይቆይና፣ በር የሚያገኘው በአንገት ብቻ ነው። እዚያ ሲደርስ ይፈስሳል። ወደቡ ደግሞ ሰሞኑን ከልክ በላይ ሞቆ ነበር። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ፣ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ፣ አጥማጆቹ ጎሕ ሳይቀድ በሸሚዝ ብቻ ሩቅ ይወጡ ነበር። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነሣ ጀልባ መመለስ አይችልም፤ ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። ሸራው ላይ የሚረጨው ውሃ ይረጋል፣ የቀዛፊው እጅ ይቆፍናል፣ ከዚያ በኋላ...

«ትናንት ብትነግረን ዛሬ አይወጡም ነበር» አለ ሃምሳ አለቃው።

ሽቦ ጠባቂው ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረ።

«ምን ዝም ትላለህ? ማን ከለከላት አትለኝም?»

«አልልም ጌታዬ።»

«እኔ ነኝ» አለ ሃምሳ አለቃው፤ ተነሥቶም ወደ ወደቡ የሚሄደውን መምቻ ያዘ። መታ። ደግሞ መታ። ከታች መልስ የለም። መስመሩ ሞቷል።

የት እንደተበጠሰ መጠየቅ አላስፈለገም። በበጋው፣ ከሙቀቱ ብዛት ድንጋዩን እንኳ ላብ ሲያጠምቀው፣ ሃምሳ አለቃው ከአንገት እስከ ትልቁ ቋጥኝ ድረስ ያለውን ሽቦ «እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ይበል! ምን ይንዘላዘላል?» ብሎ አስወጥሮት ነበር። የወጠረውም ሽቦ ጠባቂው ራሱ ነው። ብረት ሲበርደው ያጥራል። ያጠረ ነገር ደግሞ የሚሳብለት ትርፍ ከሌለው ምን ያደርጋል?

ሃምሳ አለቃው ያን ቁራጭ ወረቀት ጻፈ፤ ካፖርቱን ከነነሐስ ቁልፎቹ አውልቆ ለሽቦ ጠባቂው ደረበለት። «መቀጠል ካልቻልክ ወረቀቱን ይዘህ ጋልብ። ከቀጠልከው ግን እኔ ከዚህ እየመታሁ ነው፤ አላቋርጥም። ደግሞ ስማ...» በሩን ከፍቶለት ትንሽ አመነታ። «ልል አድርገህ ቀጥለው።»

እንግዲህ ሽቦ ጠባቂው ቁልቁለቱን ይዞ፣ ዓይኑን ከእንጨት ወደ እንጨት እየወረወረ የሚሄደው ለዚህ ነበር። ትልቁ ቋጥኝ ሳይደርስ አየው። የተበጠሰው ሽቦ እንጨቱ ራስ ላይ ከሚይዘው ነጭ የሸክላ ሲኒ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጫፉ መሬቱን እየጫረ በነፋሱ ይወዛወዛል።

ከበቅሎዋ ወረደ። ልጋልብ ወይስ ልቀጥል? በበቅሎ ወደቡ ቀትርን አልፎ ነው የሚደርሰው። ብርዱ ደግሞ በቅሎ አይጠብቅም፤ አሁንም ጉልበቱን አልፎ ወገቡ ላይ ደርሷል። ጥቅሉን ከትከሻው አወረደ።

ሥራውን በሌላ ቀን እያፏጨ ይጨርሰው ነበር። ዛሬ ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣቶች ሆኑበት። ጉጠቱን ሲይዝ መያዙን የሚያውቀው በማየት ብቻ ነው። እንጨቱ ላይ ወጥቶ፣ በእግሩ ተቆላልፎ፣ አዲሱን ሽቦ ከአሮጌው ጫፍ ጋር ጠመዘዘ፤ አንዴ አምልጦት ወደቀ፣ ወርዶ አነሣው፣ እንደገና ወጣ። እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ እስኪነዝረው ቆየና ቀጠለ። በመጨረሻ ሁለቱ ጫፎች ተጋጠሙ። ሽቦው በሁለቱ እንጨቶች መካከል ረግቦ፣ እንደ ተኛ ሰው ሆድ ዘና ብሎ ተንጠለጠለ። ሃምሳ አለቃው በበጋው ያንን ቢያይ ኖሮ ያብድ ነበር።

አሁን መልእክቱ ማለፉን ማወቅ ነበረበት። ሽቦ ጠባቂዎች ለዚህ አንድ ዘዴ አላቸው፤ ሽቦውን በምላሳቸው ይቀምሱታል። መልእክት የሚያልፍበት ሽቦ ምላስን እየቆነጠጠ ይኮመጥጣል፤ የሞተው ዝም ይላል። በብርድ ጊዜ ብረቱን አስቀድሞ በመዳፍ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እሱ ግን ቸኩሎ ረሳው።

ምላሱ እንደነካው ተጣበቀ።

«እእእ!» አለ እንጨቱ ላይ ሆኖ። በቅሎዋ ቀና ብላ አየችው፤ በዕድሜዋ ካየችው ሁሉ የበለጠ ሞኝ ነገር እንዳየች ሁሉ አፈጠጠችበት። ሊያላቅቅ ሲል ግን ቆመ። ምላሱ ላይ መጣ። ቁንጥጥ፣ እረፍት፣ ቁንጥጥ ቁንጥጥ፣ እረፍት። ሃምሳ አለቃው ነው፤ አላቋርጥም ብሎ አላቋረጠም። እያንዳንዱ ምት ከአንገት ተነሥቶ በአፉ ውስጥ አልፎ፣ ኮምጣጣ ጣዕም ትቶ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከዚያ ምቱ ቆመ። ትንሽ ጸጥታ። ወዲያው ከሌላ ወገን፣ ከታች፣ ወፍራምና ግድ የለሽ የሆነ ምት መጣ። የታችኛው ነበር። ሰምቷል።

ሽቦ ጠባቂው እንባው መጣ፤ ከሕመሙ ይሁን ከደስታው አለየውም። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወደ ኋላ ጎተተ፤ ከምላሱ ቆዳ ጥቂቱን ለመንግሥት ሽቦ ትቶ ወረደ።

ወደቡ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ብርዱ ቀድሞት ገብቷል። ሱቆች ተዘግተዋል፤ የሎሚ አትክልቱ ባለቤት ከነልጆቹ ዛፎቹን በጆንያ እየጠቀለለ ነው። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ብርዱ ያፈዘዛቸው ትንንሽ ዓሣዎች ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ። ባሕሩን ሲያየው ግን ልጓሙን ሳበ። ባሕሩ ይጨሳል። የሞቀው ውሃ ላይ የተኛው ቀዝቃዛ አየር ጭጋግ አስነሥቶ፣ ነጭ እንፋሎት እንደ ፈላ ድስት እየተትጎለጎለ፣ የወደቡን አፍ ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። ምልክት መስቀያው ላይ «ተመለሱ» የሚለው ጥቁር የሸራ ኳስ ተሰቅሏል፤ ከጭጋጉ በላይ ብቻውን ይታያል፤ ከሥሩ ላለ ጀልባ ግን እንዳልተሰቀለ ነው።

የጀልባ ማሰሪያው ግንብ በሴት ተሞልቷል። ድስት የያዘች፣ ክዳን የያዘች፣ ደወል የያዘች፣ ሁሉም ይደበድባል። ሚስቱ ከመካከላቸው ወጥታ ሮጠች።

«መጣህ! ኳሱ ጠዋት ነው የተሰቀለው፤ የታችኛው እየጮኸ ሲወጣ ያላየው የለም። ገብተዋል፤ ሁሉም ገብተዋል፣ ከ...» ቆመች። «አባባ ናቸው የቀሩት። ሌላው ሳይገባ አለቃ አይገባም፤ ልማዳቸውን ታውቃለህ። የመጨረሻውን ጀልባ ወደ ወደቡ አፍ አስገብተው፣ ከኋላው ነበሩ፣ ከዚያ ጭጋጉ ዋጣቸው።»

«እኽ ኧለ...» አለ።

«ምን?»

ምላሱን አወጣላት። አየችው፤ ሊያስቃት የጀመረው ነገር መንገድ ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። «አምላኬ! ይኼ ደግሞ ምን ቀምሰህ ነው?»

ሊያስረዳት አልቻለም፤ ጊዜም አልነበረውም። ግንቡ ጫፍ ላይ ቆሞ አዳመጠ። የሴቶቹ ድብደባ ወደ ጭጋጉ ይገባል፤ በስተቀኝ ያለውን ገደል ይመታና ይመለሳል፤ በስተግራ ያለውንም እንዲሁ። ሁሉም ቦታ ድምፅ ነው። ባሕር ላይ ላለ ሰው ወደቡ በሁሉም በኩል ያለ ይመስላል። አንዱን ወገን አምኖ ቢቀዝፍ ደግሞ ገደሉ ነው የሚቀበለው።

እጆቹን ዘርግቶ ሴቶቹን ዝም በሉ አለ። ማንም አልሰማውም።

«ዝም በሉ!» ጮኸች ሚስቱ። «ሁላችሁም! አንቺም፣ ደወልሽን ያዥው!»

«አንቺ ማነሽና ነው...» አለች አንዷ፤ ግን ደወሏን በእጇ አፈነች። ግንቡ ጸጥ አለ። ነፋሱ ብቻ ወደ ባሕር ይነፍሳል፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቅም ነገር ሠራ፣ ድምፅን ወደ ውጭ ይሸከማል።

ሽቦ ጠባቂው ጉጠቱን አወጣ፤ ገመድ የሚታሰርበት ትልቅ የብረት ምሰሶ አጠገብ ተንበረከከ። ምን እንደሚመታ አላሰበም። እጁ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ረዘም፣ አጠር አጠር፣ ረዘም። እንዴት አደራችሁ? እረፍት። እንዴት አደራችሁ? ብረቱ ጥርት ብሎ ጮኸ። ቆፈን የያዘው እጁ ሲስት ሚስቱ በላዩ ላይ እጇን ጭና አብራው መታች። ሴቶቹ ተጠጋግተው ነፋሱን በጀርባቸው ከለሉላቸው። አንዲት ሴት ካፖርቱ ላይ ያሉትን የነሐስ ቁልፎች እያየች «የማን ጄኔራል ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።

ስንት ጊዜ እንደመታ አያውቅም። ክንዱ ከትከሻው ሊወልቅ ሲደርስ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ከቅርብ፣ ድምፅ መጣ።

«በቃህ! በቃህ! ሰማንህ!»

መቅዘፊያው ቀድሞ ታየ፤ ከዚያ በበረዶ የነጣው የጀልባው አፍንጫ፤ ከዚያ ጺማቸው እንደ ብርጭቆ የጠጠረ ሽማግሌ። ሸራው ደርቆ እንደ ሳንቃ ቆሟል። ሁለቱ ቀዛፊዎች በመቅዘፊያቸው ላይ ተደፍተዋል፤ ሴቶቹ ገመዱን ተሻምተው ጎተቱት። አማቱ ግንቡ ላይ እንዲያወጧቸው እጃቸውን ሰጡ፣ ቆሙ፣ ልጃቸውን አቀፉ፣ ከዚያ ዙሪያቸውን አዩ።

«ያ ጠረጴዛዬን የሚደበድበው ሰውዬ የታለ?»

ሽቦ ጠባቂው ከተንበረከከበት ተነሣ።

«ሁሉም ቦታ ደወል ነበር» አሉ ሽማግሌው፤ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። «ገደሉም ይደውላል፣ ሰማዩም ይደውላል። ወደ ግራ ልንሄድ መቅዘፊያ አዙረን ነበር። በኋላ ሁሉም ዝም አለ፤ ያ የተረገመ ምት መጣ። እነዚህ ልጆች 'አለቃ፣ ምንድን ነው?' አሉኝ። 'ቤቴ ነው' አልኳቸው። 'ማዕዴ ነው፤ ወደዚያ ቅዘፉ'።»

ሽቦ ጠባቂው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ «እእ» ብቻ ወጣ።

«ምን ሆነ?» አሉ አማቱ ልጃቸውን።

«ምላሱ ሽቦ ላይ ቀርቷል፣ አባባ።»

«እንግዲህ ዛሬ ገና ጥሩ አማች ሆነ» አሉ፤ ግንቡ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከጭንቀቱ ተላቆ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። የሽቦ ጠባቂውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የቆሰሉትን ጣቶች እያዩ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም።

አመሻሽ ላይ የቴሌግራፉ ቤት ሰው አልበቃው አለ። የወደቡ ሹም፣ መነጽር ያደረጉ ጥንቁቅ ሰው፣ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከመንግሥት ጉዳይ በስተቀር በዚያ ሽቦ ምንም እንዳያልፍ የሚያዝዘው ደንብ ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሴቶቹ ምን እንደሚፈልጉ ነገሯቸው። ሹሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«እኔ አሁን ያለመነጽር ነኝ» አሉ። «የተለጠፈ ነገር ማንበብ አልችልም።»

የታችኛው ወንበሩን ሳበና መታ፦ «ከወደቡ ለሃምሳ አለቃ። ወሬ ነው። ወደ ላይ ይለፍ?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ይለፍ።» ትንሽ ቆይቶም፦ «ሁሉም ገቡ?»

«ሁሉም።»

ሳቂታው የታችኛው ለአንዴ ምንም ቀልድ አልጨመረበትም።

ከዚያ ምስጋናው ወደ ላይ ወጣ። አንዷ ባሏን፣ አንዷ ሁለት ወንድሞቿን፣ አንዷ ገና ያላገባችውን ሰው ስለመለሰችላት አመሰገነቻት። አንዲት አሮጊት «ለቀለሟ መሞቂያ ሹራብ እሠራላታለሁ በላት» አሉ፤ የታችኛውም እንዳለ መታው። የሽቦ ጠባቂው ሚስት ተራዋ ሲደርስ «አባባ ተመልሰዋል በላት» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

መልእክቱ አለቀ። ሁሉም መምቻውን አየ። ከላይ ምንም አልመጣም።

«ምናልባት ብርዱ...» አለች አንዷ፤ አልጨረሰችውም። ያን ሁሉ ብርድ ከሁሉም በፊት፣ ብቻዋን፣ ቀኑን ሙሉ ሌሊቱን ሙሉ የተቀበለችው እሷ መሆኗን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያስታወሰ ይመስል ነበር። ሽቦ ጠባቂው ሳይታወቀው ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

መምቻው ተንቀሳቀሰ። ለስለስ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ያለበት። የታችኛው እየሰማ ቀስ ብሎ አነበበው።

«ቀለሜ እስካሁን አልቀለጠም። እኔ ግን ሞቆኛል። እንዴት ዋላችሁ?»

አማቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከተቀመጡበት ወንበር ጎንበስ አሉ። መረብና መቅዘፊያ ያደነደነውን ወፍራም ጣታቸውን ከሽቦ ጠባቂው ጣት አጠገብ አኑረው፣ የመንግሥትን ጠረጴዛ መቱ። ረዘም፣ አጠር፣ ረዘም።

አንድ ምት ጎድሏል። ማንም አላረማቸውም፤ የታችኛውም እንደመቱት አድርጎ ወደ ላይ ላከው።